ፈውሱ ሲመጣ እንዲያገኘን

ለድሬዳዋ አስተዳደር ጤና ቢሮ
ለሐረሪ ክልል ጤና ቢሮ
ሐረር ለሚገኘው የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የጤናና ሕክምና ሳይንስ ኮሌጅ
ለድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ
እንዲሁም ለሁለቱ ከተሞች ነዋሪዎች

ጉዳዩ፦ የኅብለ ሰረሰር ጉዳት ያለባቸውን ሰዎች ስለመመዝገብ፣ በጤና ስለማቆየትና ለፈውስ ምርምር ስለማዘጋጀት

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣ መምህራንና ሐኪሞች፤ የተወደዳችሁ የድሬና የሐረር ሰዎች፤

በቅድሚያ የምጠይቃችሁን ልናገር፤ ምክንያቱን አስከትላለሁ። በድሬዳዋና በሐረር ሆስፒታሎች በኅብለ ሰረሰር ጉዳት የሚተኛ ሰው ሁሉ የጉዳቱ መንስኤ፣ ቦታውና ክብደቱ፣ ከሆስፒታል ሲወጣ የነበረበት ሁኔታ፣ ከዓመት በኋላም በሕይወት መኖር አለመኖሩ የሚጻፍበት አንድ የጋራ መዝገብ ይከፈት። ከመዝገቡ ጋር ጥቂት አልጋዎችና ለዚሁ የሠለጠነ ቡድን ይመደብ። ሁለቱ ዩኒቨርሲቲዎችም ይህን ጉዳት የምርምር ሥራቸው ያድርጉት። ይህን የምለምነው ለዛሬ ኑሯችን ስል ብቻ አይደለም፤ ለፈውሱም ስል ነው። የእኛን በጤና መቆየት ከፈውስ ፍለጋው ለይቶ የሚያይ ሰው ብዙ ነው። እኔ ሁለቱ አንድ ሥራ ናቸው ብዬ አምናለሁ፤ ይህን ደብዳቤ የጻፍኩትም ለዚሁ ነው።

የምኖረው ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ነው። የተሳፈርኩበት መኪና በድሬዳዋና በሐረር መካከል ባለው ደንገጎ ቁልቁለት ላይ ተገልብጦ የደረቴ አምስተኛ አከርካሪ ተሰበረ። ከዚያ ወዲህ ከደረቴ በታች ያለው አካሌ አይታዘዘኝም፤ ሲነኩኝም አይሰማኝም። እጆቼ ደህና ናቸው፤ ዊልቸሬን ራሴ እገፋለሁ፣ ደብዳቤዬንም ራሴ እጽፋለሁ። አንገታቸው ላይ የተጎዱ ወንድሞቼና እኅቶቼ ይህንን አይችሉም፤ ስለዚህ የምጽፈው ለእነሱም ጭምር ነው።

ብዙ ሰው የአከርካሪ አጥንት መሰበርንና የኅብለ ሰረሰር መጎዳትን አንድ አድርጎ ያስባል። አጥንቱ በብረት ይታሰራል፣ ይጠገናል። ትልቁ ነገር በአጥንቱ ውስጥ ከአንጎል ተነሥቶ እስከ ወገብ የሚወርደው፣ ውፍረቱ ከትንሿ ጣት የማይበልጠው ኅብለ ሰረሰር ነው። እንቅስቃሴ፣ ስሜት፣ ሽንትና ሰገራን መቆጣጠር፣ የደም ግፊት፣ ላብ እንኳ ሳይቀር የሚያልፉት በእሱ በኩል ነው። በአደጋ ጊዜ ሙሉ በሙሉ የሚበጠሰው ከስንት አንዴ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ይጨፈለቃል። ከዚያ በኋላ ባሉት ሰዓታትና ቀናት ደግሞ እብጠቱ፣ የደም መፍሰሱና የኦክስጅን እጥረቱ ከመጀመሪያው ምት የተረፉትን ነርቮች ጭምር ይገድላል። ሐኪሞች ሁለተኛው ጉዳት የሚሉት ይህን ነው። የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የዕድሜ ልክ ዋጋ አላቸው የሚባለውም ለዚህ ነው።

ድሬ የባቡር ልጅ ናትና በባቡር ልናገር። መሐል መንገድ ላይ አንድ ድልድይ ቢፈርስ ባቡሩ አያልፍም፤ ከድልድዩ ወዲህና ወዲያ ያሉት ጣቢያዎች ግን አልፈረሱም። ከተሰበረው ቦታ በታች ያለው የእኔ ኅብለ ሰረሰር ሕያው ነው። ትእዛዝ የሚያደርሰው አጥቶ ነው የተቀመጠው። ሌሊት ሌሊት እግሮቼ ሳላዛቸው የሚወራጩትም ከዚህ የተነሣ ነው። የዛሬው የፈውስ ምርምር ሁሉ የሚያጠነጥነው በዚህች እውነት ላይ ነው፦ ወይ ድልድዩን መጠገን፣ ወይ ድልድዩን ዞሮ ታችኛውን ጣቢያ መቀስቀስ።

ይህ ተስፋ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። ታላቁ የስፔን የነርቭ ሊቅ ሳንቲያጎ ራሞን ኢ ካሃል እ.ኤ.አ. በ1928 ባሳተመው ሥራው፣ በአዋቂ ሰው አንጎልና ኅብለ ሰረሰር ውስጥ የተቆረጠ ነርቭ እንደማይታደስ ጽፏል፤ ይህን ጨካኝ ፍርድ መሻር ከተቻለ የመጪው ዘመን ሳይንስ ሥራ እንደሚሆንም አክሎ ነበር። ከሃምሳ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1981፣ ሞንትሪያል ውስጥ ሳሙኤል ዴቪድና አልበርት አጉዋዮ የአይጥ እግር ነርቭ ቆርጠው ከኅብለ ሰረሰሩ ጋር አያያዙት። አይታደስም የተባለው ነርቭ በዚያ ውስጥ ረዥም ርቀት አደገ። ነርቩ ማደግ ይችላል ማለት ነው፤ የሚከለክለው ያለበት አካባቢ ነው። ከዚያ በኋላ ዙሪክ የሚገኘው ማርቲን ሽዋብና ባልደረቦቹ ከከልካዮቹ አንዱን፣ ኖጎ የተባለውን ፕሮቲን ለይተው አወጡ። እሱን የሚያስቆም ፀረ አካልም በአውሮፓ ሆስፒታሎች በሰው ላይ ተሞከረ። ውጤቱ ለሁሉም የሚሆን አልነበረም፤ ከጉዳቱ በኋላ ጥቂት እንቅስቃሴ በቀረላቸው ሰዎች ላይ ግን ተስፋ የሚሰጥ ምልክት ታየ።

ሌላው መንገድ ኤሌክትሪክ ነው። ስዊዘርላንድ ሎዛን ውስጥ ግሬጓር ኩርቲንና ጆስሊን ብሎክ የሚመሩት ቡድን እ.ኤ.አ. በ2018 ለዓመታት መራመድ ያቃታቸው ሦስት ሰዎች በኅብለ ሰረሰራቸው ላይ በተቀመጠ አነቃቂ መሣሪያ እየተረዱ ሲራመዱ አሳየ። እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ የአንድ ሆላንዳዊን አንጎል ሐሳብ የሚያነብ መሣሪያ ከዚያ አነቃቂ ጋር አገናኝተው፣ ሰውየው በራሱ ፈቃድ እግሩን እንዲያነሣ አደረጉ። እኔን ይበልጥ ያስደነቀኝ ግን ቀዶ ጥገና የማይፈልገው ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 በታተመ ጥናት፣ አንገታቸው ላይ ተጎድተው እጃቸው የደከመ 60 ሰዎች አንገታቸው ቆዳ ላይ በሚለጠፍ አነቃቂ ታግዘው የእጅ ልምምድ ሲያደርጉ፣ 72 በመቶዎቹ በእጅ ጥንካሬም በእጅ ሥራም ለውጥ አገኙ። ከነዚህ መካከል ጉዳቱ ከደረሰበት ብዙ ዓመት ያለፈው ሰውም ነበረበት። በዚያው ዓመት መጨረሻ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር መሣሪያውን ፈቀደ። ጃፓን ውስጥ ደግሞ የኬዮ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከሰው ሴል እንደገና የተሠሩ ግንደ ሕዋሳትን (ወደ ሌላ ዓይነት ሴል ሊለወጡ የሚችሉ ሴሎችን) በቅርቡ በተጎዱ አራት ሰዎች ኅብለ ሰረሰር ውስጥ አስገብተው፣ ሁለቱ ላይ መሻሻል ማየታቸውን እ.ኤ.አ. በ2025 አስታወቁ።

አራት ሰው ጥቂት ነው። ያለ ሕክምናውም ሊሻሻሉ ይችሉ እንደነበር መለየት ያስቸግራል። ስለዚህ ማንም ሰው ይህን ደብዳቤ አንብቦ ፈውሱ ተገኘ ብሎ ለእናቱ እንዳይነግር አደራ እላለሁ። ለኅብለ ሰረሰር ጉዳት ዛሬ ፈውስ የለም። ያለው፣ ሊመጣ እንደሚችል በሥራ የታየ ነገር ነው፤ ከአንድ ትውልድ በፊት ይህም አልነበረም።

ይህ ሁሉ ታዲያ ከድሬ ጋር ምን አገናኘው ትሉኝ ይሆናል። ነገሩ እንዲህ ነው። እነዚህ ሙከራዎች ሰው ሲመርጡ ክፍት የአልጋ ቁስል ያለበትን አይቀበሉም። መገጣጠሚያው ደርቆ የታጠፈበትን አይቀበሉም። በተደጋጋሚ የኩላሊትና የሽንት ኢንፌክሽን የሚሠቃየውን ያስቀራሉ። አጥንቱ የሳሳ ሰው ልቁም ቢል ይሰበራል። ስለዚህ አነቃቂው መሣሪያ ነገ ጠዋት ድል ጮራ ሆስፒታል በር ላይ ቢራገፍ፣ ከመካከላችን ስንቱ ሊጠቀምበት ይችላል? እኔ ከማውቃቸው ብዙዎቹ አይችሉም። ጉዳታቸው ስለከፋ አይደለም፤ ከጉዳቱ በኋላ ባሉት ወራት የሚያገላብጣቸውና እግራቸውን የሚያፍታታላቸው፣ ስለ ሽንታቸውም የሚያስተምራቸው ሰው ስላላገኙ ነው። ገንደ ቆሬ የሚኖር አንድ ወጣት አለ፤ ጣቶቹ ይንቀሳቀሳሉ፣ አንድ እግሩም ትንሽ ስሜት አለው። ምርምሮቹ የሚፈልጉት ዓይነት ሰው ነበር። አሁን ጉልበቶቹ ደረቱ ላይ ታጥፈው ቀርተዋል፤ ቂጡ ላይ ያለው ቁስልም አጥንት ድረስ ዘልቋል። አልጋው አጠገብ በተቀመጥኩ ቁጥር ይህ ልጅ በመጀመሪያዎቹ ወራት በቂ እንክብካቤ ቢያገኝ ኖሮ ዛሬ የት ይሆን ነበር እላለሁ።

እንክብካቤው እኮ የረቀቀ ነገር አይደለም። ጀርመን ተወልዶ ከናዚዎች ሸሽቶ እንግሊዝ የገባው ሐኪም ሉድቪግ ጉትማን እ.ኤ.አ. በ1944 ስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል ውስጥ የኅብለ ሰረሰር ክፍል ከፈተ። ከዚያ በፊት እንዲህ የተጎዳ ሰው ብዙውን ጊዜ በአልጋ ቁስልና በሽንት ኢንፌክሽን ይሞት ነበር። ጉትማን ፈውስ አላገኘም። በሽተኞቹን ሌሊትም ቀንም በየሁለት ሰዓቱ አገላበጠ፣ የሽንታቸውን ንጽሕና ጠበቀ፣ ከአልጋ አውርዶ ሥራና ስፖርት አስጀመራቸው። ለሞት የተተዉት ሰዎች መኖር ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ1948 በዚያ ግቢ ያስጀመረው ውድድር አድጎ የዛሬው ፓራሊምፒክ ሆነ።

እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ሆስፒታል የምናውቅበት ምክንያት አለን። አበበ ቢቂላ በመጋቢት 1961 ዓ.ም. መኪናው ተገልብጦ ኅብለ ሰረሰሩ ሲጎዳ፣ ለሕክምና የተላከው ወደ ስቶክ ማንዴቪል ነበር። ሮምን በባዶ እግሩ የሮጠው ሰው እዚያ ዊልቸር ላይ ተቀምጦ ቀስት መወርወር ተማረ፤ በውድድርም ተሳተፈ። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ ዐረፈ። ስለ ድሉ የማይናገር የለም፤ ስለ እነዚያ የመጨረሻ ዓመታቱ ግን ብዙም አይወራም። እኔ አበበን ሳስብ ቶሎ ትዝ የሚለኝ የማራቶኑ አበበ አይደለም። እሱን ያቆየው ዓይነት ክፍል እስከ ዛሬ በምሥራቁ የአገራችን ክፍል ተራው ሰው ሊደርስበት የሚችል አለመሆኑ ይከነክነኛል።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ ከ15 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ከዚህ ጉዳት ጋር ይኖራሉ። ጉዳቱ ደርሶባቸው ሆስፒታል ውስጥ የሚሞቱት ደግሞ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ከሀብታሞቹ አገሮች ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋሉ። በዚህ ቁጥር ውስጥ የድሬና የሐረር ድርሻ ስንት ነው? መዝገብ እንዲከፈት የምጠይቀው ይህን ጥያቄ የሚመልስ ስለሌለን ነው። የማይቆጠር ሰው በጀት አይያዝለትም፤ ካቴተር (የሽንት ማስወጫ ቱቦ) ሲገዛ አይታሰብም፤ ተመራማሪ ሲፈልገው አያገኘውም። ለዚህ ሥራ የሚያገለግል፣ በዓለም አቀፍ ደረጃ የተስማሙበት አጭር የመረጃ ቅጽ አለ፤ አዲስ ነገር መፍጠር አያስፈልግም። ጉዳቱን ከሀ እስከ ሠ በሚመስል አምስት ደረጃ የሚመድበውን ምርመራም ማንኛውም የሠለጠነ ሐኪም ወይም ፊዚዮቴራፒስት በመርፌና በጥጥ ሊሠራው ይችላል። ድል ጮራ፣ ሳቢያን፣ ሕይወት ፋናና ጁገል ሆስፒታሎች በአንድ ቅጽ ቢስማሙ፣ ሐረር ያለው ኮሌጅ መረጃውን ቢይዝ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የትኛውም የውጭ ተመራማሪ ቡድን አብሮን ሊሠራ ሲፈልግ የምናቀርበው ነገር ይኖረናል። ያኔ ሌላው የሠራውን የምንለምን ብቻ ሳንሆን የእኛንም ይዘን እንቀርባለን።

ስለ መንገዱም ማንሣት አለብኝ። ደንገጎን የማያውቅ የአካባቢው ሰው የለም፤ ጠመዝማዛው፣ ቁልቁለቱ፣ ጫት ጭኖ የሚከንፈው አይሱዙ። አደጋ ሲደርስ የአገሬው ሰው ደግ ነውና ይሮጣል፤ አንዱ ብብት ሌላው እግር ይዞ ያነሣል፣ ባጃጅ ውስጥ አጥፎ ያስገባል። ሕይወት ለማዳን ነው፤ እኔንም ያነሡኝ እጆች ይባረኩ። ነገር ግን ገና ያልተጨፈለቀ ኅብለ ሰረሰር የሚጨፈለቀው አንዳንዴ በዚህ ጊዜ ነው። እሳት ወይም ሌላ የሚያሰጋ ነገር ከሌለ ሰውየውን ካለበት አለማንቀሳቀስ፤ ራሱንና አንገቱን በሁለት እጅ ይዞ ቀጥ አድርጎ ማቆየት፤ ወደ ቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 መደወል፤ መነሣቱ ግድ ከሆነም ብዙ ሰው ሆኖ በአንድ ቃል፣ ራስና ወገቡን ቀጥ እንዳለ ጠፍጣፋ ሳንቃ ላይ ማሸጋገር። ይህን ለባጃጅ ነጂዎች፣ ለትራፊክ ፖሊሶችና ለመንገዱ ዳር ነጋዴዎች በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛና በሐረሪ ቋንቋ ማስተማር ስንት ይፈጃል? ቁልቁለቱ ላይ ባሉ መንደሮች ጥቂት የማንሻ ሳንቃዎች ቢቀመጡስ?

ወጌሻዎቻችንንም በአክብሮት እጠይቃለሁ። እጃቸው ብዙ ውልቃት መልሷል። ከከፍታ የወደቀ ወይም መኪና የገለበጠው ሰው ግን እግሩ ከደነዘዘ፣ ሽንቱን መቆጣጠር ካቃተው፣ ጀርባውን እንዳያሹት። ያንን ሰው ሆስፒታል ላኩልን። በሌላ በኩል ሳይወድቅና ሳይገለበጥ ለወራት ጀርባውን የሚያመው፣ ማታ ማታ የሚያተኩሰው፣ ከስቶም እግሩ እየከዳው የመጣ ሰው የአከርካሪ ቲቢ ሊሆንበት ይችላል። እሱ ቶሎ ከተደረሰበት በመድኃኒት የሚድን ነው፤ ብዙዎቹም ተመልሰው ይራመዳሉ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ሳል ያለበትን ብቻ ሳይሆን እንዲህ ያለውንም ቢፈልጉ፣ እኛ ፈውስ እየጠበቅን ባለንበት ከተማ ፈውስ ያለው ሰው ሽባ ሆኖ አይቀርም ነበር። ይህን ስጽፍ እንዲህ ቀርታ የማውቃት አንዲት እናት ፊት ይመጣብኛል።

ሐኪሞቻችን በጉዳታችን ጠባይ አለመሠልጠናቸውም ዋጋ ያስከፍለናል። በደረት ስድስተኛው አከርካሪና ከዚያ በላይ የተጎዳን ሰዎች ፊኛችን ሲሞላ ወይም ቱቦው ሲታጠፍ የደም ግፊታችን በድንገት ያሻቅባል፤ ራሳችን ይፈለጣል፣ ፊታችን በላብ ይጠመቃል። ቶሎ ካልተደረሰልን አንጎል ውስጥ ደም ሊያፈስ ይችላል። መደረግ ያለበት መጀመሪያ ሰውየውን ቀና አድርጎ ማስቀመጥ፣ የጠበቀውን ልብስ ማላላትና ሽንቱን ማስወጣት ነው። እኔን አንድ የድንገተኛ ክፍል ውስጥ በጀርባዬ አስተኝተው የግፊት መድኃኒት ፍለጋ ሲራወጡ፣ የታጠፈውን ቱቦ ያቃናችው እኅቴ ናት። ግፊቱ ወዲያው ወረደ። እኅቴ ጤና አልተማረችም፤ ማወቅ ግድ ስለሆነባት ነው ያወቀችው። ይህን ለተረኛ ነርሶች ለማስተማር አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል።

የድሬ ሙቀትም የራሱ ጣጣ አለው። ከጉዳታችን በታች ያለው አካላችን እንደልቡ አያልበውም፤ ስለዚህ ግንቦትና ሰኔ ላይ ሌላው ሰው ላቡን እየጠረገ ሲያማርር የእኛ ሰውነት በውስጡ ይግላል። እርጥብ ፎጣ፣ ውሃ የሚረጭ ጠርሙስ፣ ቬንትሌተር ለእኛ መድኃኒት ናቸው፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ የምንጨነቀው ለጨለማው አይደለም። ሐረር አየሩ ይሻላል፤ መንገዱ ግን ይከብዳል። ጁገል ውስጥ የሚኖር ወዳጅ አለኝ። የሐረሪ ቤት ውበቱ ከፍና ዝቅ ባሉት ነደባዎቹ (የመቀመጫ መደቦቹ) ነው፤ ለእሱ ግን እያንዳንዱ ነደባ ተሸካሚ የሚፈልግ ገደል ሆኖበታል። የዓለም ቅርስ የሆነውን ቤት ይፍረስልኝ አይልም፤ ተነሥቶ የሚቀመጥ የእንጨት መወጣጫ ልጆቹ ሠርተውለት አሁን እስከ በሩ ይወጣል።

አንዳንድ የአካል ጉዳተኛ ጓደኞቼ የፈውስ ወሬ ያስቆጣቸዋል። የምንፈልገው ደረጃው እንዲስተካከልልን ነው፣ እኛ ጎዶሎ አይደለንም ይላሉ። ልክ ናቸው። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ከወጣ ዓመታት አልፈዋል፤ ከዚያ በኋላ በከተማችን በተሠሩ ብዙ ፎቆች ግን መግባት አልችልም። ስለ ደረጃው አብሬአቸው እጮኻለሁ። ነገር ግን አንድ ሰው ስለ ኅብለ ሰረሰር ጉዳት ከእግር አልፎ ሊያውቅ ይገባል። እኛ ብዙዎቻችን መራመድ ከሚመለስልን ይልቅ ሽንታችንን መቆጣጠር፣ የልጃችንን ጣት በእጃችን መጨበጥ፣ ያለ ሕመም አንድ ሌሊት መተኛት ቢመለስልን እንመርጣለን። ይህን በመወጣጫ አናገኘውም። ይህን የሚሰጠን ምርምር ነው። ስለዚህ መወጣጫውንም ምርምሩንም እጠይቃለሁ፤ አንዱን ለማግኘት ሌላውን እንድንተው የሚያስገድደን ነገር የለም።

ለሕዝቡ የምለው አንድ አደራ አለኝ። ልትጠይቁን ስትመጡ እግዜር ይማርህ፣ አላህ አፊያውን ይስጥህ ትሉናላችሁ፤ አሜን። ከዚያ ወጥታችሁ ግን ውጭ አገር ወስዶ በግንደ ሕዋስ የሚያስድን ደላላ አታገናኙን። ኅብለ ሰረሰርን አድናለሁ ብሎ በብዙ ሺሕ ዶላር ሕክምና የሚሸጥ ክሊኒክ በየአገሩ አለ። እውነተኛ የምርምር ሙከራ ተሳታፊውን ለሙከራው ሕክምና አያስከፍልም፤ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃዱን ያሳያል፣ ሊደርስ የሚችለውንም ጉዳት በጽሑፍ አስረድቶ ያስፈርማል። ቤት ሸጦ ሄዶ፣ ቤቱንም ጤናውንም ሳያገኝ የተመለሰ ሰው እዚሁ አለ። ለእኛ ገንዘብ ያዋጣችሁ ቤተ ዘመዶችና ዕድርተኞች ሆይ፣ ያንን ብር ለጥሩ ፍራሽ፣ ለዊልቸር ትራስ፣ ለካቴተርና ለፊዚዮቴራፒ አውሉልን። ፈውሱ ሲመጣ የሚያገኘን በእነዚህ ነው።

ወደ እናንተ ወደ ኃላፊዎች ልመለስ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን ለማቋቋም ሀብት እንደሚመድብ ይናገራል፤ አገራችን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 የተቀበለችው ዓለም አቀፍ ስምምነትም ማገገሚያን መብት ያደርገዋል። አቅሙ በፈቀደ መጠን የሚለውን አልረሳሁትም፤ የማቀርበውም እሱን አስቤ ነው። ለመጀመር ሕንፃ አያስፈልግም። በአንዱ ሆስፒታል አራት ወይም ስድስት አልጋ፣ ጥሩ ፍራሽ፣ በየሁለት ሰዓቱ የሚያገላብጡ የሠለጠኑ ነርሶች፣ አንድ ፊዚዮቴራፒስት፣ የማያቋርጥ የካቴተር አቅርቦት፣ በማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኑም እንዲሸፈን ማድረግ። አዲስ የተጎዳ ሰው ሲገባ አንዱ ከእኛ፣ ከቆየነው፣ መጥቶ አልጋው አጠገብ ይቀመጥ። ራስን በካቴተር ማሸናትን፣ ቁስል ሳይመጣ ቆዳን በመስታወት ማየትን፣ ከአልጋ ወደ ዊልቸር መሻገርን ከእኛ የተሻለ የሚያስተምር የለም፤ ደመወዝም አንጠይቅም።

ዩኒቨርሲቲዎቹን በተለይ የምለው ይህን ነው። ቆዳ ላይ የሚለጠፈው አነቃቂ ቀዶ ሐኪም አይፈልግም፤ የሚፈልገው የሠለጠነ ፊዚዮቴራፒስት፣ በሥነ ሥርዓት የሚያዝ መዝገብና ሳያቋርጥ የሚመጣ ተሳታፊ ነው። የድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ የምህንድስና ተማሪዎች አሉት፤ ሐረር ያለው ኮሌጅ ሐኪሞችና ሆስፒታል አለው። ሁለታችሁ ተቀምጣችሁ ብትነጋገሩ፣ መሣሪያውን ከሠሩት ተቋማት ጋር ትብብር ብትጠይቁ፣ ሞቃትና ድሀ በሆነ አገር፣ ቤት ውስጥ ልምምድ በሚደረግበት ሁኔታ ይሠራ እንደሆነ መፈተን ትችላላችሁ። ይህን ጥያቄ ሎዛንም ቶክዮም ሊመልሱልን አይችሉም። የጥናቱን ሐሳብ ስታረቁ ከመጀመሪያው ቀን እኛን አስገቡን፤ ቅጹ ካለቀ በኋላ ለፊርማ ብቻ አትጥሩን።

የመዝገቡ ቅጽ ከተዘጋጀ ስሜ ከመጀመሪያዎቹ ውስጥ ይጻፍ። ቆዳዬ ደህና ነው፣ መገጣጠሚያዎቼም ይታዘዛሉ፤ እኅቴ በየቀኑ ታፍታታኛለች። ለተፈቀደና የሥነ ምግባር ኮሚቴ ላየው ጥናት ራሴን ለማቅረብ ዝግጁ ነኝ። በሁለቱ ከተሞች የማውቃቸውን ሰዎችም በየቤታቸው እየሄድኩ አስመዘግባለሁ፤ የገንደ ቆሬውን ወጣት ደግሞ ቁስሉ የሚታከምበት አልጋ እንደተገኘ ራሴ ይዤው እመጣለሁ። የምጠብቀው መቼና የት እንደምንገናኝ የሚነግረኝን ደብዳቤያችሁን ነው።

ከታላቅ አክብሮት ጋር

ከኅብለ ሰረሰር ጉዳት ጋር የሚኖር የድሬዳዋ ነዋሪ
ከዚራ፣ ድሬዳዋ